ላሜራ የለበሰው መዝገበ ቃላት

ውድ አባቴ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው። ደግሞም ውድ ነህ፤ ያስከፈልከንን እኔና እናቴ እናውቃለን።

አጎቴ ባለፈው ሳምንት መጥቶ ነበር። ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ኮፍያውን ሲያሽከረክር ቆየና፣ «ቤተሰቡ እንቀበለዋለን ካለ ወንድሜን ፍርዱን ሳይጨርስ በአመክሮ ይፈቱታል። ካንቺ የሚፈለገው አንዲት ቃል ናት፤ ‹ይምጣ› በይ» አለኝ። ቀጠለና «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» ብሎ ተረተብኝ። ከመካከላችን አህያው ማን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ሊወጣ ሲል በሩን ይዞ መልእክትህን ነገረኝ፦ «‹ያን ቀን አፏን ብትይዝ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር፤ ግን ይቅር ብያታለሁ በላት› ብሎኛል።»

ይቅር አልከኝ! ደሜ ፈላ። አጎቴ ታላቄ ባይሆን ኖሮ ያንን ኮፍያ አስበላው ነበር። እሺ፣ ይቅር ካልከኝ አይቀር፣ ይቅር ያልከኝ ምኑን እንደሆነ በደንብ እወቀው።

መጽሐፉን ያመጣህበት ቀን ትዝ ይለኛል። ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛኸው፣ ሽፋኑ የተገነጠለ ወፍራም መዝገበ ቃላት ነበር። በማግስቱ ወደምትሠራበት ጋራዥ ወስደህ ላሜራ ቆረጥክለት፣ ማጠፊያ በየድክለት፣ የብረት ሽፋን አለበስከው። ሲዘጋ እንደ ሱቅ በር ይጮኽ ነበር። የጋራዡ ሰዎች «ሊቁ» ማለት የጀመሩህ ከዚያ ወዲህ ነው። ከሥራ ስትመለስ እጅህን በሳሙና ፈትገህ ትታጠባለህ፤ የተቃጠለ ብረት ሽታ ግን አይለቅህም። ከዚያ መጽሐፉን ጭንህ ላይ ዘርግተህ፣ ዓይንህን ጨፍነህ ጣትህን የትም ታሳርፋለህ። ጣትህ ያረፈበትን ቃል ታነብልኛለህ፣ እኔ ፍቺውን እገምታለሁ። ቀጥሎ እኔ ጣቴን አሳርፋለሁ፣ አንተ ትገምታለህ።

ልዋሽህ አልፈልግም፤ ደስ ይለኝ ነበር። «ቆፈን»ን ያገኘን ቀን፣ ጣት በብርድ ሲደነዝዝ ለዚያ ድንዛዜ ብቻ የወጣ ስም መኖሩ ገርሞኝ እንቅልፍ አልወሰደኝም። «ሽውታ»ን ያገኘን ቀን ደግሞ መስኮት ከፍተን ነፋሱ ሽው እስኪልብን ጠበቅን። ቃል ባገኘሁ ቁጥር ከዚያ በፊት የማላየው ነገር ይታየኝ ነበር፤ ይህንን የሰጠኸኝ አንተ ነህ። በዓለም ላይ እንዳንተ ያለ አባት ያለ አይመስለኝም ነበር።

ግን መሸነፍ አትችልም። ሳሸንፍህ «ጎሽ የኔ ልጅ!» ብለህ ፀጉሬን ትዳብሳለህ። ከዚያ ተነስተህ መጋረጃውን አልፈህ ትገባለህ። ወይ ሸሚዙ አልተተኮሰም፣ ወይ ውሃው ቀዝቅዟል። የጥፊው ድምፅ ይሰማኛል። እኔን አንድ ቀን ነክተኸኝ አታውቅም፤ ድርሻዬን የምትቀበልልኝ እናቴ ነበረች።

ነገሩ የገባኝ አሥር ዓመት ሲሞላኝ ነው። ስሸነፍ ቤቱ ሰላም ነው፤ ሳሸንፍ እናቴ ትመታለች። ስለዚህ መሸነፍ ተማርኩ።

ይህን አታውቅም አይደል? መሸነፍ ደግሞ ቀላል እንዳይመስልህ። ዝም ካልኩ «አኮረፍሽ» ትለኛለህ፤ የማይመስል ነገር ከተናገርኩ «ታሾፊብኛለሽ» ትላለህ። ለእውነቱ የቀረበ ስሕተት ያስፈልጋል፤ ለዚያ ደግሞ እውነቱን አስቀድሞ ማወቅ ግድ ነው። አንተ ጋራዥ ስትሆን መጽሐፉን ከ«ሀ» ጀምሬ አጠናሁት። እናቴ የስፌት መኪናዋን መስኮቱ ሥር አድርጋ ትሰፋለች፤ አንተ በመንገዱ ብቅ ስትል ፔዳሉን ታቆማለች። የመኪናው ድምፅ ሲቋረጥ መጽሐፉን ቦታው እመልሳለሁ። «ሰንኮፍ ምንድን ነው?» ትለኛለህ። ከብጉንጅ ውስጥ የሚወጣው ደረቅ መግል መሆኑን እያወቅሁ «የእሾህ ጫፍ?» እልሃለሁ። «አንቺ ድንጋይ ራስ!» ብለህ በሳቅ ትፈርሳለህ። እኔም እስቃለሁ፤ እናቴም እራቷን በሰላም ትበላለች። የምወደውን ቃል ፊትህ እንደማላውቀው መካድ ግን ያንገበግበኝ ነበር።

የጋራዡ ቀለም ቀቢ ሻይ ሊጠጣ እኛ ቤት ሲመጣ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ጨዋታችንን ልታሳየው ፈለግክ። «ጣትሽን አሳርፊ» አልከኝ። አሳረፍኩ፤ «አመልማሎ» ወጣ። ከዚያ መጽሐፍ ውስጥ እንደሱ የምወደው ቃል የለም። ጥጥ ተነድፎ ለፈትል ሲጠቀለል ስሙ አመልማሎ ነው። ቃሉ ራሱ አፍ ውስጥ ይለሰልሳል።

አንተ ሳታመነታ «የወፍ ስም ነው» አልክ። ቀለም ቀቢው «አቤት እውቀት!» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። «ልክ ነህ አባዬ» ማለት እችል ነበር፤ ብዙ ጊዜ ብዬህ አውቃለሁ። ያን ቀን ግን አቃተኝ። ያ ሰውዬ ወፍ ነው ብሎ ወደ ቤቱ ሊሄድ ነው፤ ለልጆቹም ሊነግር ነው። ቃሉ አሳዘነኝ። «ጥጥ ነው» አልኩና መጽሐፉን ሳላይ ፍቺውን እስከ መጨረሻው ተናገርኩት።

ቀለም ቀቢው ጭኑን እየመታ ሳቀ። «ሊቁ! ዛሬስ መምህር አገኘህ!» አለህ። አንተም ሳቅክ፤ እስከ ደጅ ሸኘኸው። ተመልሰህ «ጎሽ የኔ ልጅ» አልከኝ። ከዚያ መጽሐፉን ከጭኔ ላይ አነሳኸው።

እናቴ ስፌቷ ላይ አጎንብሳ ነበር። በብረቱ ጠርዝ መንጋጋዋን ስትመታት እሷ አልጮኸችም፤ የጮኸው አጥንቷ ነው። ደገምካት። ጥርሷ የምትሰፋው ነጭ ጨርቅ ላይ ወደቀ፣ ደሙ መርፌው ሥር ገባ። ለሦስተኛ ስታነሳ ጀርባህ ላይ ተንጠልጥዬ ጆሮህን ነከስኩህ። ወርውረህ ወለሉ ላይ ጣልከኝ። እዚያ የጨርቅ መቀሷን አገኘሁና አጥንት እስኪነካ ትከሻህ ላይ ሰካሁት። መጽሐፉ ከእጅህ የወደቀው ያኔ ነው። ቀለም ቀቢው ጩኸትህን ሰምቶ ሮጦ ሲመለስ ሦስታችንም በደም ተነክረን አገኘን።

አፏን ብትይዝ ነው ያልከው? ስድስት ዓመት ሙሉ ይዤልሃለሁ። ያን ቀን ዝም ብል በሌላ ቀን፣ በሌላ ቃል ታደርገው ነበር። እናቴን የሰበራት ክንድህ ነው፤ አመልማሎ ማንንም አይሰብርም። ይቅርታህን መልሰህ ውሰድ። መቀሱም አይጸጽተኝም።

ትናንት እናቴን ይዤ የእስር ቤቱ ቢሮ ሄድኩ። መንጋጋዋ ተጣሞ ከዳነ ወዲህ ሰው ፊት አትናገርም፤ በሻርፕ እስከ አፍንጫዋ ትሸፈናለች። ኃላፊው «ትቀበሉታላችሁ ወይ?» አለን። «አንቀበለውም» ልል አፌን ስከፍት እናቴ ጉልበቴን ያዝ አደረገችኝ። ላንተ ልትለምን መስሎኝ ክው አልኩ። ሻርፗን አወረደች።

«ልጄ፣ ቀና በልና እየኝ» አለችው። ቃሎቿ የሚወጡት በአፏ ጎን ነው፤ ግን እያንዳንዱ ይሰማል። «ሚስቱ ሞታለች ብለህ ጻፍ።»

«እናቴ፣ እርስዎ እኮ ይኸው ቁጭ ብለዋል» አላት ኃላፊው ግራ ገብቶት።

«እሱ የሚያውቃት ሞታለች። ይችኛዋን አያውቃትም። ባያውቃት ይሻለዋል።»

ኃላፊው አጎንብሶ ጻፈ።

ፍርድህን ጨርሰህ የምትወጣበት ቀን መምጣቱ አይቀርም። ያን ቀን ወደ ወንድምህ ቤት ሂድ። እኛ ደጅ መጥተህ ብታንኳኳ በሩን የምትከፍትልህ እናቴ ናት፤ ትናንት ስንመለስ «ለኔ ተይልኝ» ብላኛለች። እኔን አትፍራ፣ አባቴ። እሷን ፍራ።

ደህና ሁን፤
ልጅህ