ያጋደለችው አበባ

ሐምሌ 14
ዝናብ። ኦቦ ቦንሳ ከማለዳ ጀምሮ እየሸመኑ ነው። ባሌ ባይሳ ካረፈ ወዲህ የቀሩኝ ሸማኔ እሳቸው ብቻ ናቸው። ከሰዓት ሙሂዲን መጣ፤ ሥራችንን የሚሸጥልን ባለሱቅ። ቀሚሴን ለናሙና ፈለገ። "የሚያየው የአዲስ አበባ ነጋዴ ነው፤ ብዙ ያዛል" አለ።

ባይሳ መጨረሻ የሠራልኝ ቀሚስ... ጥለቱ ላይ ከሦስቱ አበቦች የግራዋ እንደ ልማዷ አጋድላለች። ዓይኑ ከደከመ በኋላ ያቺ አበባ ቀጥ ብላለት አታውቅም። ስስቅበት "ተያት፣ እኔን ትመስላለች" ይል ነበር።

ለሙሂዲን ሰጠሁት። ትዕዛዝ ከሌለ ኦቦ ቦንሳን በምን አቆያቸዋለሁ?

መስከረም 22
ትዕዛዝ የለም። ቀሚሴም አልተመለሰም። ሙሂዲን "ኢንሻአላህ" ይላል። ኢንሻአላህ እንግዲህ።

ታኅሣሥ 19
ገበያ ወጣሁ። ሙሂዲን ሱቅ በር ላይ የቻይና ቀሚስ ተደርድሮ ተሰቅሏል። ሁሉም ላይ ሦስት አበባ። ሁሉም ላይ የግራዋ አጋድላ... ዳሰስኳት። ክር የላትም፤ ቀለም ናት።

"ወላሂ እትዬ ባየሽ፣ እኔም ዛሬ ነጋዴው የላከው ጆንያ ሲፈታ ነው ያየሁት" አለኝ ሙሂዲን።

አመንኩት። ምን ያደርጋል? ኦቦ ቦንሳ አንዱን ቀሚስ ሁለት ሳምንት ይለፉበታል፤ በሱ ዋጋ ከዚህኛው አራት ይገዛል። አሳልፌ የሰጠሁት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ።

ጥር 12
ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ? ትናንት አምቦ ሁሉ ያንን ለብሶ ወጣ። ታቦቱን ስከተል ከፊቴም ከኋላዬም ባይሳ። ሴቶቹ ዘወር ባሉ ቁጥር ያቺ አበባ ታየኛለች። ፈራሁ። የእኛ ቀሚስ አንድም አልተሸጠም።

ጥር 20
ኦቦ ቦንሳ ጊንጪ፣ ልጃቸው ጋ ሊገቡ ነው። "ሥራ ሳልሠራ እንጀራሽን አልበላም፣ ኢንተለ ኮ፣ ልጄ" አሉኝ። የሽመናውን መወርወሪያ ጠራርገው እጄ ላይ አኖሩት። አለቀስኩ።

የካቲት 3
ቀጭ... ቀጭ... ከሽመናው ክፍል። መወርወሪያው የሚሄድ ይመስላል። ገብቼ አየሁ፤ ማንም የለም። ባይሳ፣ አንተ ነህ? ተቀይመኸኛል?

የካቲት 17
ዛሬም ቀጭ ቀጭ። አልገባሁም። ለመድኩት መሰለኝ። እንዲያውም ምሳዬን በሩ አጠገብ በላሁ።

መጋቢት 8
ሙሂዲን ሱቅ ሻጭ ከሆንኩ ሳምንቴ። ምን ልብላ ታዲያ? ዛሬ አንዲት ልጅ ቀሚሱን አገላብጣ "ይቺ አበባ ጠማማ ናት እንዴ?" አለችኝ። የባሌ እጅ ናት ልላት ነበር... አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

"የፋብሪካ ስህተት ነው፤ እቀንስልሻለሁ" አልኳት።

ገዛች። ቤት ገብቼ የሽመናው ክፍል በር አጠገብ ተቀመጥኩ። ብጠብቅ፣ ብጠብቅ... ምንም አይሰማም።