መውደቅ ለሚያውቀው አባቴ

እናንተ የእድሩን ቴሌግራም ከፍታችሁ ይሄን የምታነቡ ሰዎች፣ አዎ፣ እናንተን ነው! ደብዳቤው የተጻፈው ለእናንተ አይደለም። ለአባቴ ለሸምሱ ነው። እሱ ግን ያለበት ቦታ ኔትወርክ የለም፣ እናንተ ጋ አለ፣ ስለዚህ አንብቡት። «የሸምሱ አሸዋ» እያላችሁ የምትስቁት ደግሞ ጮክ ብላችሁ አንብቡት።

አባዬ፣ እንዴት ነህ? አላህ ይዘንልህ፣ ማረፊያህን ያስፋልህ። ከሄድክ ክረምቱ ወጥቶ፣ በጋው አልፎ፣ ይኸው በአምቦ መንገድ በኩል ሰማዩ እንደገና ጠቁሯል። ከአንተ ሳልነጋገር ይሄን ያህል ቆይቼ አላውቅም። ሰው «ይቺ ልጅ አፏ አያርፍም» ሲል «ከኔ ነው የወሰደችው» ትል አልነበር? እስካሁን ዝም ያልኩት አንተ ዝም በይ ስላልከኝ ነው። በቃኝ።

ቤት ደህና ነን። እማዬ ስኳሯ ልክ ነው፣ መድኃኒቷን ግን አሁንም ተለምና ነው የምትውጠው። ሱቁን እኔ ይዤዋለሁ። አንተ ሚስማር በጋዜጣ ትጠቀልል ነበር፣ እኔ በፌስታል ነው የምሰጠው፣ ብታይ ትቆጣኝ ነበር። ያ ከኋላው ትልቅ ሆድ ያለው ቴሌቪዥንህ ተቃጠለና በጠፍጣፋ ቀየርኩት። ቦታው ግን እዛው ነው፣ ከቀለም ቆርቆሮዎቹ በላይ። ቅዳሜ ከሰዓት ሬስሊንግ ሲጀምር የሰፈሩ ሰው አሁንም መጥቶ ሲሚንቶው ላይ ይቀመጣል።

የሚያወራላቸው ነው ያጡት። አንተ እኮ የእንግሊዝኛውን ድምጽ ዘግተህ ራስህ ነበር የምትናገረው። እንግሊዝኛ አንዲት ቃል አትችልም፣ ግን ማን ጠየቀህ! አንዱ ጡንቸኛ ማይክራፎን ይዞ ሲጮህ «የመሬት ካርታዬን ስጡኝ ነው የሚለው» ትላለህ። ሌላው ሲመልስለት «ነገ ና፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ነው ያለው» ትላለህ። ሱቁ በሳቅ ይፈርሳል። ዳኛው ዞር ሲል ጠብቀው ወንበር ሲያነሱ ደግሞ «ይሄ ዳኛ እኛ ቀበሌ ቢቀጠር በወሩ ይሾማል!»

ሰፈሩ በሙሉ የፀጉራሙ ታጋይ ደጋፊ ነበር። ፀጉሩን እያርገፈገፈ፣ እጁን ዘርግቶ ሲገባ ሴቱም ወንዱም ይጮሃል። አንተ ግን የበርሜሉ ነበርክ። ስሙን ያወጣህለት አንተ ነህ፤ ሰማያዊ ቁምጣ ለብሶ፣ ሆዱን አስቀድሞ፣ በየሳምንቱ ለመሸነፍ የሚመጣ ሰውዬ። ሲወድቅ የሰፈራችን ሽማግሌ ኦቦ ለሚ በዱላቸው ወለሉን እየደበደቡ «ከኢ! ከኢ!» ይሉታል፣ እኛ «ተነስ! ተነስ!» እንለዋለን፣ በርሜሉ በሁለቱም ቋንቋ አይሰማም።

ልጅ ሆኜ አንድ ቅዳሜ ከገመዱ ላይ ተወርውሮ ሲፈጠፈጥ አለቀስኩ። ከመርካቶ የመጣው የአክስቴ ልጅ «ምን ያስለቅስሻል፣ ቀድመው ተስማምተው እኮ ነው፣ ውሸት ነው!» አለኝ። አንተን አየሁህ፣ ትጮህበታለህ ብዬ። አንተ «እውነቱን ነው፣ ተስማምተዋል» አልክ። ሰማይ የተደፋብኝ ነው የመሰለኝ። ከዛ አጠገብህ አስቀመጥከኝና «የሚያነሳውን ተይው፣ የሚነሳውን እዪ» አልከኝ። አየሁ። በርሜሉ አገጩን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ ራሱ በእግሩ ዘሎ ነው የሚነሳው። ፀጉራሙ ደግሞ ሊጥለው ሲል እጁን ጨበጥ ያደርግለታል፤ ወለሉ ጋ ሲደርሱ መዳፉ ከአንገቱ ስር ነው። «ባይዘልለት ያንን ሆድ ማን ያነሳዋል? ክሬን ነው የሚያስፈልገው» አልክና ሳቅክ። ቀጥለህ ግን ሳትስቅ «አንገቱን ሰጥቶታል ሰሚዬ። የሰው አንገት ተቀብሎ የሚለቅ፣ ወንጀለኛ እሱ ነው» አልከኝ።

ያንን ቀን ታስታውሳለህ? በርሜሉ ያሸነፈበትን? ፀጉራሙ ራሱ ዘሎ፣ ተነስቶለት፣ ጀርባውን ወለሉ ላይ አንጥፎ ሲቆጠርበት! ሰፈሩ ተናዶ ሲወጣ አንተ የከረሜላውን ጠርሙስ ገልብጠህ መንገደኛውን ሁሉ አበላህ። «አልካደውም! ተራውን ሰጠው!» እያልክ ሚኒባስ ታስቆም ነበር። እማዬ «ሰውየው አበደ» ብላ ነጠላ ሳትይዝ ነው የወጣችው።

አንተ ታዲያ ሰው ሁሉ እንደ ፀጉራሙ መሰለህ።

ባለፈው ክረምት ጎርፉ የጋሽ በላቸው ወፍጮ ቤት ገባ። ሊፈጭ የተደረደረው የሰፈሩ ጤፍ በጭቃ ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ሁላችንም ቆመን አየን። ጋሽ በላቸው «የሸምሱ አሸዋ ቦዩን ደፍኖት ነው» አሉ። አንተ ለሽያጭ ያስደፋኸው አሸዋ ከቦዩ ማዶ፣ በድንጋይ ታጥሮ ነበር። ቦዩን ያጠበበው የእሳቸው ኮንክሪት ነው፣ መኪና እንዲገባላቸው ያስሞሉት። እኛም ይሄንኑ ተናገርን። ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ሰላምታ ቀረ፣ ለቅሶ እንኳ ተለያይቶ መድረስ ተጀመረ። የእድሩን ድንኳን እንካፈል መባል ሲመጣ ኦቦ ለሚ ሊያስታርቁ ዱላቸውን ይዘው ተነሱ።

ሱቃችን ጓሮ ሦስታችሁ ተቀመጣችሁ፤ አንተ፣ ጋሽ በላቸውና ኦቦ ለሚ። ሻይ ያቀረብኩት እኔ ነኝ፣ ጆሮ ደግሞ አለኝ። ጋሽ በላቸው ኮንክሪቱ የእሳቸው ጥፋት መሆኑን አመኑ። ግን «ሰው ፊት ቀድሜ አልወርድም፣ እህሉ የጠፋበት ሁሉ ይበላኛል» አሉ። ኦቦ ለሚ ጨነቃቸው። አንተ «እኔ ልቅደምልህ» አልክ። በዚህ ወር የእድር ስብሰባ አንተ ተነስተህ ጥፋቱ የአሸዋዬ ነው ትላለህ፣ ሰዉ ይበርዳል። በሚቀጥለው ወር እሳቸው ተነስተው ቦዩን ያጠበብኩት እኔ ነኝ፣ ሸምሱ ለሰላም ብሎ ነው የወደቀልኝ ይላሉ። ተጨባበጣችሁ። እኔን ደግሞ አፍሽን ዝጊ አላችሁኝ። እኔን!

ድንኳኑ ውስጥ ኮፍያህን አውልቀህ ቆምክ። ድምጽህን እንዴት እንዳንቀጠቀጥከው አላህም አንተም ታውቃላችሁ። እንዲህ ያለ አወዳደቅ በርሜሉም አልወደቀ። ጋሽ በላቸው እንደ ደንቡ ሁለቴ እምቢ ብለው በሦስተኛው አቀፉህ፣ ሴቶቹ አለቀሱ፣ ሰፈሩ ታረቀ። ሱቅ ስንገባ ጮህኩብህ። አንተ የሻምፒዮና ቀበቶ እንደወሰደ ታጋይ ደረትህን ነፍተህ «ወሩ ይምጣ፣ ታያለሽ» አልከኝ።

ወሩ መጣ። አንተ አልነበርክም። ስብሰባው ሳምንት ሲቀረው ደም ግፊቱ ባንኮኒው ጀርባ ጣለህ።

ጋሽ በላቸው ጀናዛህን ተሸክመዋል። አልቅሰዋልም፣ አልዋሽባቸውም። በስብሰባው ቀን ዱዓ ከተደረገልህ በኋላ ብድግ አሉ። እማዬ እጄን ያዘችኝ። «ሸምሱ ጥሩ ሰው ነበር። ጥፋቱን ያመነ ሰው ነበር» አሉና ተቀመጡ።

በቃ። ይቺው ናት።

ቀጥለው በጠራራ ፀሐይ መዶሻ የያዙ ልጆች ቀጥረው ኮንክሪቱን አስፈረሱት። ሰዉ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ጋሽ በላቸው እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው፣ በሸምሱ ጥፋት የራሱን መግቢያ አፈረሰ!» ወላሂ እንደዚህ ተባለ። አሁን ውሃ ሲጠፋ የሸምሱ አሸዋ ነው፣ መብራት ሲሄድ የሸምሱ አሸዋ ነው፣ ልጅ ፈተና ሲወድቅ የሸምሱ አሸዋ ነው። እማዬ ጉልት ሄዳ አትክልት ስትመርጥ ሰማችው። ከዛን ቀን ወዲህ ወፍጮ ቤቱ ደጃችን ሆኖ እህሏን ሚኒባስ ላይ ጭና ሌላ ቦታ ነው የምታስፈጨው።

ኦቦ ለሚ ጋ ሄድኩ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ በጃርሱማ፣ በሽምግልና የተባለ ነገር ከሽማግሌ አፍ አይወጣም። ያለው ሰው ራሱ ይናገረው» አሉኝ። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። አልፈርድባቸውም፣ ዛሬ አንድ ምስጢር ቢያወጡ ነገ ማን ያስታርቀናል?

እናንተን ግን እፈርድባችኋለሁ! ሬስሊንጉ ሲታይ ሁላችሁም አዋቂ ናችሁ፣ «ተስማምተው እኮ ነው» እያላችሁ ጥርሳችሁን ትፍቃላችሁ። እስቲ ሽምግልና ቀድሞ ሳይመከርበት ሰው ፊት የቀረበበትን አንድ ቀን ንገሩኝ! ባልና ሚስት ስታስታርቁ ማን መጀመሪያ ይቅርታ እንደሚል ጓሮ ተቀምጣችሁ አልተስማማችሁም? ሁለቴ እምቢ በል፣ በሦስተኛው እሺ በል ብላችሁ አላስጠናችሁም? ታዲያ የአባቴ ጊዜ ምነው ሁላችሁም እንደ ሕፃን አመናችሁ?

አባዬ፣ ለአንተ አንድ ነገር ቃል እገባልሃለሁ። ሰው ሁሉ ድንኳኑ ውስጥ ያልከውን ሲያስታውስ፣ እኔ የማስታውሰው ጓሮ ተቀምጠህ «እኔ ልቅደምልህ» ያልክበትን ፊት ነው። ልጅ ከወለድኩ ስለዚያ ፊት እነግረዋለሁ። ተናዶ የሚያለቅስ ልጅ ሲሆን ደግሞ አጠገቤ አስቀምጬ።

አሁን ወደ እርስዎ፣ ጋሽ በላቸው። እያነበቡት እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ እርስዎን አልፈራዎትም፣ አልጠላዎትምም። አባቴ ያመነውን ሰው መጥላት አይሆንልኝም። እሁድ ስብሰባ ነው፣ እማዬን ይዤ ከፊት እቀመጣለሁ። ስልክ አይደውሉልኝ። ሰው አይላኩብኝ። ሱቅ መጥተው በጆሮዬ አያንሾካሹኩልኝ፣ ጆሮዬ ያኔ ሻይ ሳቀርብ የሰማው ይበቃዋል። በእድሩ ፊት ብድግ ብለው፣ ሁሉም እየሰማ፣ ይመልሱልኝ፦ ቦዩን ያጠበበው ማን ነው?