ለወሎ የለመንነው ዝናብ ካፉሪ ስለ መድረሱ

ለተከበረው የወንዝ ሙላትና የአየር ንብረት ጥናት ማዕከል
ካርቱም

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። የማዕከሉ ኃላፊዎችና ተመራማሪዎች ከነቤተሰቦቻችሁ እንደምን ከረማችሁ? ጤናችሁንም፣ የምትሠሩበትን ሦስተኛ ፎቅም አላህ ይጠብቅላችሁ። እኔ ሬሕማ እባላለሁ። አገሬ ወሎ፣ ወረኢሉ ነው። ባለቤቶቹ በጦርነቱ ጥለውት ወደ ካይሮ የሄዱትን፣ እዚሁ ካርቱም ካፉሪ ሰፈር ያለ አንድ ቪላ ከአክስቴ ልጅ ከፋሪሃ ጋር ሆኜ እጠብቃለሁ። ደብዳቤዬን በአማርኛ የጻፍኩት በድፍረት አይደለም። የእናንተ ጥናት በእንግሊዝኛ ስለሚወጣ፣ በማያውቁት ቋንቋ ስለ ራስ ጉዳይ መስማት ምን እንደሚመስል እናንተም እንድትቀምሱት ብዬ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ ስላለፈው ክረምት ማስጠንቀቂያ ላመሰግናችሁ። ውኃው ከመግባቱ በፊት በሰዓቱ ደርሷል፤ የደረሰው ግን ቤቱ በስማቸው ለተመዘገበው ለማዳም ነው፣ ካይሮ። ማዳምም አላህ ይስጣቸውና ወዲያው ደውለው «ያላ ሬሕማ፣ ምንጣፎቹን ሁሉ ፎቅ አውጪልኝ» ብለው፣ ውኃውን ሳያነሱ ዘጉት። እኔ ሊመለሱ መስሎኝ ደስ አለኝና ምንጣፉን አውጥቼ ቤቱን ጠርጌ ወለወልኩ። በማግስቱ ውኃው በተወለወለው ወለል ላይ ገባ። ፋሪሃ በጦርነቱ ግድግዳ ወድቆባት ከወገቧ በታች አትንቀሳቀስም። የጎረቤቱ ዘበኛ ከቢር በአጥር ዘሎ ባያዝላት ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩ ነበር።

እንግዲህ አቤቱታዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ፤ ማስጠንቀቂያው በእኔም ስልክ እንዲደርሰኝ ብለምን፣ ቢሯችሁ መጀመሪያ ኢቃማ አምጪ አለኝ። የመኖሪያ ፈቃድ የሌለውን ሰው ውኃ እየለየ እንደሚያልፈው በጥናት ደርሳችሁበት ይሆናል፤ እኔ ያልተማርኩ ስለሆንኩ አላውቅም።

ሁለተኛ፤ በአዲሱ ካርታችሁ ላይ ሰፈራችን በቀይ ተቀብቶ፣ ቤታችን ግን «ነዋሪ የሌለበት» ተብሎ መጻፉን የከቢር አሠሪ አነበበልን። ጀልባ ቢመጣ እንኳ ባዶ ቤት ማን ያንኳኳል? ለፋሪሃ ስነግራት ሳቀች፤ ቆይታ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ሦስተኛውን ለመጻፍ አፍራለሁ። የጥናታችሁ ውጤት በሬዲዮ ሲነገር፣ ምድር እየሞቀች በመሄዷ በሐበሻ ደጋ የሚወርደው ዝናብ አንዴ ጠፍቶ አንዴ ያለ ልክ እንደሚጥል፣ ጎርፉም ከዚያ እንደሚመጣ ሰማሁ። እኛ የወሎ ሴቶች ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ እየተሰበሰብን ለአገራችን ዝናብ ዱዓ እናደርጋለን። ስለዚህ ጥፋተኞቹ ሳንሆን አንቀርም። እኛ እጃችንን ዘርግተን እንለምናለን፤ አላህ ይሰማል፤ ውኃው በአገራችን ወንዝ በበሽሎ ወርዶ፣ ዓባይ ገብቶ፣ ተመልሶ የእኛኑ በር ያንኳኳል። ይህን ስንት ዓመት ሳናውቀው ኖረናል።

ካወቅን ወዲህ ግን ዱዓው ጠፋብን። ባለፈው ሐሙስ ዱዓ የምታስደርገን ሀኒፋ እንደ ልማዷ «ያ ረቢ፣ ዝናቡን» ብላ ጀመረችና ዓይኗ ፋሪሃ ላይ ሲያርፍ አቆመች። ሁላችንም የዘረጋነውን እጅ ወደ ጉያችን መለስን። በዚያው ሳምንት እናቴ ደውላ፣ የዘራችው ማሽላ ቅጠሉ መጠውለጉን ነግራኝ፣ ልጄ በዱዓሽ አትርሺኝ ብላኛለች። አሚን አልኳት። ሌላ ምን እላታለሁ? ካልዘነበ እናቴ ትራባለች፤ ከዘነበ ፋሪሃ ትሰምጣለች። ለምን ከዚያ አትወጡም እንዳትሉኝ፤ መሄጃ ቢኖረን የሰው ቤት አንጠብቅም ነበር። እፈራለሁ፤ የምፈራውንም መርጬ መፍራት አልቻልኩም።

ስለዚህ በትሕትና የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ለእናቴ ማሽላ በቅቶ የፋሪሃን አልጋ የማይነካው ዝናብ ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ አስልታችሁ ብትነግሩን፣ እኛም ልኩን ጠቅሰን እንለምናለን።

አራተኛም ነበረኝ፤ ደከመኝ።

ዕውቀታችሁ ይብዛ፣ መንገዳችሁ ደረቅ ይሁን እያልኩ፣ ነዋሪ ከሌለበት ቤት በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ሬሕማ፣ ካፉሪ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ ባለሙያዎቻችሁ መጥተው ቁጥር የተጻፈበት ረጅም መለኪያ ግድግዳችን ላይ ቸነከሩ። ውኃው እያንዳንዱ ቁጥር ላይ ሲደርስ ፎቶ እያነሳሁ እንድልክላቸው፣ ለጥናቱም ሲባል ከቤቱ እንዳልርቅ በጨዋ ደንብ ለመኑኝ። እንግዳ ስለሆኑ እሺ አልኳቸው። ሁለተኛው ቁጥር ከፋሪሃ አልጋ እኩል ነው፤ ሦስተኛው ደረቴ ላይ ይደርሳል፤ እስከዚያ አላህ ከፈቀደ እልካለሁ። የመጨረሻው ግን ከራሴ በላይ ነውና፣ የእሱን ፎቶ የሚያነሳላችሁ ሰው ከአሁኑ ብትፈልጉ መልካም ነው።