ከአራት ሦስት የሚያድነው የጊንጥ መርዝ

ለክቡር ዶክተር፣
የካምፓችን ክሊኒክ ዋና ሐኪም፣
ባሉበት

ጥር ፲፱፻፸፯ ዓ.ም.፣ ሱዳን፣ ከገዳሪፍ ወዲያ፣ ሾዋክ አጠገብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎም፣ ለነርሶችዎም፣ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ለሚኖሩት ጊንጦችዎም ጤናና ዕድሜ እመኛለሁ። ጊንጦቹን ያነሣሁት ለቀልድ ሳይሆን፣ ቀለባቸው አንድም ቀን ተቋርጦ እንደማያውቅ ሰምቼ ከልቤ ስለ ቀናሁ ነው።

እኔ ከመተማ በላይ ካለ ገጠር ረሃብ ያሰደደኝ የቀድሞ አስተማሪ ነኝ። እህቴ በለጡ ከልጅነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት። ከእርስዎ በፊት የነበሩት ሐኪም በሰጧት ነጭ ኪኒን ሰባት ወር ሙሉ ሳትወድቅ ቆይታ ነበር። እርስዎ ግን የጊንጥ መርዝ በጥቂቱ ሲወጋ ነርቭን ጸጥ ያደርጋል ብለው ስለ ነገሩን፣ እኛም እሾህን በእሾህ ነው ብለን ስለ ተቀበልን፣ የሚከተለውን ምስጋና አቀርባለሁ።

፩ኛ. የመርዙ ሥራ ጠርቶ እንዲታይ ኪኒኗን ስለ ከለከሉልን እናመሰግናለን። በእርግጥም ጠርቶ ታይቷል፤ በአንድ ወር አራት ጊዜ ወድቃ ሁለት ጥርሷን አጥታለች።

፪ኛ. ስትወድቅ አፍንጫዋ ሥር ክብሪት መጫራችን ጎጂ ልማድ መሆኑን ስላስተማሩን እናመሰግናለን። ትምህርቱን የሰጡን መርዙን በመርፌ እየሞሉ ስለ ነበር በሚገባ ገብቶናል።

፫ኛ. ይህኛው ረዘም ይላልና ይታገሡኝ። በለጡ ለሦስተኛ ጊዜ የወደቀችው ዱራ የሚሉት ማሽላ ሲታደል፣ ሰልፍ ላይ ነበር። ወረፋውን ለቆ የሚያነሣት ስላልተገኘ፣ ሰዉ ከቆመበት ሳይነቃነቅ እጅ በእጅ እየተቀባበለ ከፊት አደረሳት፤ ድርሻዋንም ቀድማ ወሰደች። በማግስቱ አደም፣ ያዕቁብና ወይዘሮ ሣህሊቱ፣ ይህ በሽታ በዘራቸው የሌለ ሰዎች፣ በዚያው ሰልፍ ላይ ተራ በተራ ወደቁ። ወይዘሮ ሣህሊቱ እንዲያውም ነጠላቸውን አንጥፈው ነው የወደቁት። እርስዎም ሳይውሉ ሳያድሩ መዝግበው ወጓቸው። ክንዳቸው አብጦ ሦስት ቀን ሲያቃስቱ ሰነበቱ፤ ከዚያ ወዲህ እንኳን ሊወድቁ ሲቀመጡም እየተጠነቀቁ ነው።

በዚህ መሠረት መርዙ ከአራት በሽተኞች ሦስቱን ፈጽሞ እንዳዳነ ክሊኒኩ በር ላይ ተለጥፎ አነበብኩ። እህቴ ደግሞ ለሕክምናው ስላልታዘዘች ከሙከራው መሰረዟን ከዚያው አየሁ። ኪኒኗን ስጠይቅ ግን ሙከራው ገና አላለቀም ተባልኩ። ክቡር ዶክተር፣ እዚህ ላይ ትሕትናዬ ያልቃል። እህቴ እንዳትሞትብኝ እፈራለሁ፤ ኪኒኗን ይመልሱልን።

በዕውቀትዎ ጥላ ሥር ተጠልሎ፣ ክንዱን ግን በጥንቃቄ ሸሽጎ የሚኖር፣ ታዛዥዎ
ስማቸው

ማሳሰቢያ፦ ሙከራው ሊሰፋ እንደሆነና ለተመዘገበ ሁሉ የዱቄት ወተት እንደሚሰጥ ተሰምቷል። መርፌውን ለወተቱ ሲሉ ለመቻል የቆረጡ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት በሽተኞች እስከ ዛሬ ጠዋት ተገኝተዋል። ሥራ እንዳይበዛብዎ በማሰብ የሚወድቁበትን ቀንና ሰዓት ተከፋፍለው ስለ ጨረሱ፣ ዝርዝሩን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። በለጡ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም፤ እሷ የምትወድቅበትን ቀን አታውቀውም።