ከመስታወቱ ጎን የሰቀልከው ፊልም

ሄራሞዬ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ቀን ሲገፋ ሐዘኑ ይለዝባል ብለውኝ ነበር። አልለዘበም፤ ጭራሽ ንዴት ተጨመረበት። እየጻፍኩልህ ያለሁትም ተናድጄ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ፀጉር ቤቱን ልጅህ ተመስገን ይዞታል። እጁ እንዳንተ ባይቀልም ደንበኛ አላጣም። ወንበሩን አዲስ ሸራ አልብሶ፣ ያንን አሮጌ ሬዲዮህን አንስቶ በቦታው ቴሌቪዥን ሰቅሏል። ጎረቤታችን ባለሱቁ ወልዴ ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ይላጫል። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ግን ዓይኑን ይጨፍናል።

ይጨፍን። ሳል የያዘህ ጊዜ ቲቢ ነው እያለ ሆሳዕና ከተማን ያዳረሰው እሱ አይደል? ፀጉር አስተካካይ ሰው ፊት ላይ እየተነፈሰ ነው የሚውለው፤ ወሬው በተነዛ በሳምንቱ ወንበርህ ባዶ ቀረ። ቤተ ክርስቲያን እንኳ አጠገብህ የሚቀመጥ ጠፋ። አክታህ ተመርምሮ ነጻ ነህ ብትባልም ማን ይመንህ? ሳሉ አልለቅ ሲልህ ሐኪሙ ደረትህን ሲቲ ስካን እንድትነሣ ብሎ ሌላ ከተማ ላከህ።

ስንመለስ የምርመራውን ፊልም እንደ ሕፃን ታቅፈኸው ነበር። ሳንባህ ንጹሕ ነው፣ ሳሉ ከጨጓራህ የሚነሣ ነው ተባልክ። ሌላው ሰው ቢሆን ቤቱ ገብቶ አምላኩን ያመሰግናል። አንተ በቀጥታ ፀጉር ቤት ሄደህ ፊልሙን ከመስታወቱ ጎን ሰቀልከው፤ ከኋላው አምፖል አደረግክለት። የገባ ሁሉ ተላጭቶ እስኪነሣ ሳንባህን እንዲያይ ፈረድክበት። መቀሱን ታስቀምጥና ቅባት በነካው ጣትህ እየጠቆምክ ታስተምራቸዋለህ። ጥቁሩ አየር ነው፣ ነጩ አጥንት ነው፣ ይሄ ደግሞ ልቤ ነው ትላለህ። ልብህ ላይ ነጫጭ ፍንጣሪዎች ነበሩ፤ እነሱንም አጥንት ናቸው ብለህ ታልፋቸው ነበር። ማንም አልተከራከረህም። ደንበኛው ተመለሰ፤ ወልዴም ይቅርታ ሳይጠይቅ ተመለሰ። የዘመን መለወጫችን ያሆዴ ደርሶ ስለነበር ዘመድ ከሆመቾ መጥቶ አብሮን በላ፤ አንተም ቅቤው እስኪያወዛህ በላህ። ያን ሰሞን እንደሳቅከው ስትስቅ አይቼህ አላውቅም።

ከዚያ ያች ቅዳሜ መጣች። የወልዴን ግማሽ ጢም ላጭተህ፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ፣ ፊልሙን ልታሳየው ክንድህን እንዳነሣህ ወደቅክ። ሆስፒታል ሳትደርስ አለቀ። ወልዴ ያልተላጨ ግማሽ ጢሙን ይዞ ድንኳን ውስጥ ሦስት ቀን ተቀመጠ። ከሁሉ በላይ ያለቀሰውም እሱ ነው። አንተ ብታየው ኖሮ በሳቅ ትሞት ነበር።

ፊልሙን አላወረድነውም። ተመስገን አንድ ቀን በጨርቅ ሊያጸዳው ሲል እጁን ያዝኩት። ልብህ ላይ የጣትህ አሻራ ነበር፣ መስመሩ ሳይቀር የሚታይ፣ በፀጉር ቅባት የታተመ። ልብስህን ለዘመድ ሰጥቻለሁ፣ የተኛህበትም ፍራሽ ሄዷል። ከገላህ የቀረኝ እሱ ነበር። ጠዋት ፀጉር ቤቱ ሳይከፈት እሄድና አምፖሉን አብርቼ፣ ሳልነካው አየው ነበር።

ባለፈው ክረምት ተመስገን ዳገት ሲወጣ ደረቱን ጨመቅ አደረገው። ሐኪሙ አባትህ በምን ሞተ፣ የተመረመረበት ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀው። ፊልሙን ራሴ አውርጄ በነጠላዬ ጠቅልዬ ይዤ ሄድኩ። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፣ ትሑት ነው። ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣና እዚህ ጋ ቆሽሿል አለ፤ ከኪሱ ሶፍት አወጣና ጠረገው።

እጁን ሳልይዘው ቀደመኝ። ጠርጎ ሲጨርስ ከጣትህ አሻራ ሥር ፍንጣሪዎቹ ቁልጭ ብለው ወጡ። አጥንት አይደሉም ሄራሞዬ። በልብህ የደም ሥሮች ላይ የተጋገረ ካልሲየም ነው። ለሳንባ ተብሎ በሚነሣ ምስል ላይ ልብም አብሮ ይታያል፤ ያኔ ያየ ሰው ቢኖር ለልብ ሕመም የተጋለጥክ መሆንህን ያውቅ ነበር፣ መድኃኒትም ትጀምር ነበር አለኝ። ትተርፍ ነበር ብሎ ግን ሊምልልኝ አልፈለገም። ያኔ ፊልሙን ያነበቡት ሐኪሞች የተጠየቁት ስለ ሳንባህ ነው፤ የመለሱትም ስለ ሳንባህ ነው። ከተማው ሁሉ ሞትህን ፊት ለፊት እያየ ፀጉሩን ተቆረጠ። አስጎብኚው ደግሞ አንተ።

ተመስገንም ሲቲ ስካን ተነሣ። በእሱም ልብ ላይ ካልሲየሙ አለ፣ ካንተ ያነሰ፣ ግን አለ። በዚህ ዕድሜው ኪኒን ጀምሯል፤ ቅቤውን ቀንስ፣ ሲጋራውን ተው ተብሏል። አንዳንድ ቀን እሺ ይላል። አንዳንድ ቀን ደህና ነኝ ብሎ ኪኒኑን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ይወጣል፤ ድምፁ ያንተው ነው፣ ደሜ ይፈላል።

እንዲህ ያደረገ ቀን ከበር መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ፊልሙን አምፖሉ ፊት እይዝና አንተ ትጠቁምበት የነበረው ቦታ ላይ ጣቴን አሳርፋለሁ፣ ኪኒኑን እስኪውጥ ድረስ አላነሣም። አልረሳህም ሄራሞዬ፣ እሱንም እንዲረሳህ አልፈቅድለትም። አሁን ልብህ ላይ ያለው የእኔ አሻራ ነው።

ባለቤትህ