በግራ የነበረው መያዣ

ማሩዬ፣

ያቺ ትኩሳት አንተን ከነጠቀችኝ ወዲህ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ሰሊጡ ደርሷል። ከደጋ የመጡት አጫጆች ከተማችንን ገንዳ ውሃን ሞልተዋታል። በራችን ላይ ቆመው ውሃ ሲጠጡ ያንተን የመሰለ ድምፅ ይኖር ይሆን ብዬ አዳምጣለሁ። ቢኖርስ ምን ላደርግ ነው?

ቤቱ ያው ነው ልልህ ነበር። ያው አይደለም። ጣራውን ንፋስ ገንጥሎት ቀየርነው። መቀመጫህን ከበሩ አነሣሁት፤ ባዶውን ማየት አልቻልኩም። የእንጨት መሰንጠቂያ ወርክሾፑን ግን አልዘጋሁም። ወንድምህ «ባንድሶውን ሽጪና ሻይ ቤት ክፈቺ እታለም፣ ይኼ መጋዝ ጣትሽን ይበላዋል» ይለኛል። አዝኖልኝ ነው። ሻይ ማፍላትም አልጠላም። እንጨት ከሌለበት ቤት ግን ምን ይሸተኛል?

ጎርፉ በጎደለ ማግስት የወንዙን ዳር ይዘን ውሃ ያመጣውን ግንድ ስንፈልግ ታስታውሳለህ? ጎረቤታችን እትዬ ውዴ ከአጥራቸው ብቅ ብለው «ዛሬስ ወንዙ ምን ወለደላችሁ?» ሲሉ፣ አንተ «መንታ ነው እትዬ፣ ሲሰነጠቅ ያዩታል» ትላቸው ነበር። እኔ አፍሬ ነጠላዬን ወደ ፊቴ እስብ ነበር። አሁን ብቻዬን ሳልፍ ዝም ይሉኛል። ቢቀልዱብኝ ይሻለኝ ነበር።

መጨረሻ አብረን ያነሣነው ዋንዛ ደርቋል። ባለፈው ሳምንት ልሰነጥቀው ተነሣሁ። ጠማማ ግንድ በመጋዙ ጠረጴዛ ላይ ይንከባለላል፤ ለዚህ ነበር ያንን ተንሸራታች ሳንቃ የሠራኸው። ግንዱን በብሎን ታስርበትና ሳንቃውን ከነግንዱ ወደ መጋዙ ትገፋለህ። «ቃሬዛ» ብለህ ነበር ስም ያወጣህለት። አንተን ከተሸከሙበት ቀን ወዲህ በዚያ ስም አልጠራሁትም።

ሳንቃው የሚገፋበት መያዣ በግራ ነው። ግራኝ ነህ። ነበርክ። እኔ በቀኜ ነው የምሠራው፤ ያንተን ነገር መንካት ግን ከበደኝ። በግራዬ ገፋሁ። መጋዙ ሲገባ የእንጨቱ ሽታ ወጣ። እጄን አየሁ፤ የኔ አልነበረም። ያንተ ነበር፣ አውራ ጣትህ ላይ ካለችው ጠባሳ ጋር። እሱን እያየሁ ገፋሁ። ስባንን መጋዙ የእጅጌዬን ጫፍ ቆርጦታል። ጣቴ ተርፏል።

በማግስቱ መያዣውን ልፈታ ተቀመጥኩ። ብሎኖቹ እምቢ አሉኝ። ታገልኳቸው፣ አለቀስኩ፣ ደግሞ ታገልኳቸው። ወንድምህ መጣና ሳንቃውን ያዘልኝ። መያዣውን በቀኝ በኩል አሰርነው። አንተ የበሳሃቸው ቀዳዶች ባዶአቸውን ቀሩ።

ከዚያ ዋንዛውን ሰነጠቅኩት። ቀጥ ብሎ ወጣ። የሁለቱ ሳንቃዎች መልክ አንድ ነው። እትዬ ውዴን ጠርቼ አሳየኋቸው፤ በመዳፋቸው ዳሰሱት፣ «እሰይ» አሉ፣ ፊታቸውን አዞሩ።

አንድ ነገር ግን አስፈራኝ። ግንዱ ተሰንጥቆ እስኪያልቅ አንድም ጊዜ አላሰብኩህም። የማየው መስመሩን ብቻ ነበር። ሰው የሚረሳው እንዲህ ነው እንዴ? ደስ እያለው?

እንግዲህ የምችለውን ብቻ ቃል ልግባልህ። መጋዙ ሲዞር አላስብህም፤ ጣቶቼ ያስፈልጉኛል። ማብሪያውን ካጠፋሁት በኋላ ግን መጋዙ ወዲያው አይቆምም። ድምፁ እየቀጠነ ይዞራል። እጅ አይሰደድበትም፤ ቆሞ ከመጠበቅ በቀር ሥራ የለም። ያ ጊዜ ያንተ ነው።

ጌጤ