ከቆርቆሮው ጥላ ፊት ስለጠፉት ሰባት የቀኝ ተከላካዮችና ስለ ስምንተኛው

ለጭርጭር ኮከብ እግር ኳስ ክለብ የቦርድ ሰብሳቢ
ለክቡር አቶ ህሩይ
ጭሮ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ይልቁንም ጉሮሮዎ እንደምን አለልን? ባለፈው እሑድ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ እስከ ዕረፍት ድረስ አንዴም ሳያርፍ ክለቡን ያገለገለ ጉሮሮ ነውና ማርና ዝንጅብል እንዳይለየው ከልብ እመኛለሁ።

ከሰላምታዬ ቀጥዬ አንድ ከባድ ነገር ለክቡርነትዎና ለከተማው ሕዝብ ለማስታወቅ እገደዳለሁ። እርስዎና የቦርዱ አባላት ከሚቀመጡበት የቆርቆሮ ጥላ ፊት ለፊት የምትገኘው፣ ስፋቷ ከስምንት እርምጃ የማይበልጥ የሜዳችን ቁራጭ ሣር፣ በስድስት ዓመት ውስጥ ሰባት የቀኝ መስመር ተከላካዮችን ተቀብላ ሸኝታለች፤ አሁን ስምንተኛውን ለመሸኘት በዝግጅት ላይ መሆኗን በጥልቅ ሐዘን እገልጻለሁ። ሣሯ ራሷ ደኅና ናት።

እኔ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ማመልከቻ በመጻፍ የምተዳደር ሴት ስሆን፣ ኳስ የማየው ከቆርቆሮው ትይዩ፣ በፀሐዩ ወገን፣ ጃንጥላ ዘርግቼ ነው። ቦርድዎ «በዚህ አገር ቀኝ ተከላካይ አይበቅልም» ብሎ ለአራተኛ ጊዜ የፍለጋ ኮሚቴ ማቋቋሙን፣ ኮሚቴውም እስከ ድሬዳዋ ድረስ መጓዙን ስሰማ፣ ከጥላው ሥር የማይታየውን ከፀሐይ ላይ ሆኜ ያየሁትን ላካፍል ደፈርኩ። ድፍረቴን ለፀሐዩ ይቁጠሩልኝ።

፩. በመጀመሪያ ስለማይነጥፈው ምክራችሁ ላመስግን። አምበላችን እንደ ጥንቱ ልማድ የመጀመሪያውን አጋማሽ ወደ መንገዱ በኩል ያጠቃል፤ ዕጣው ለእንግዳው ቡድን ቢወጣ እንኳ እንግዳው ከተራራው የሚወርደውን ነፋስ ፈልጎ ያንኑ ጎን ይተውልናል። ያን ጊዜ ቆርቆሮው በቀኛችን ስለሚውል፣ የቀኝ ተከላካያችን የመጀመሪያውን አርባ አምስት ደቂቃ የሚጫወተው ከኳሱ ይልቅ ለቦርዱ ቀርቦ ነው። የቦርዱ ጸሐፊ ጋሽ ዘገየ «ልጄ፣ ቤትህን ጠብቅ እንጂ፣ የት ትዞራለህ» ሲሉት ይመለሳል። ባለሱቁ አቶ ኢዘዲን «ዴሚ፣ ዴሚ፣ ሂድ እንጂ፣ ምን ይገትርሃል» ሲሉት ይሄዳል። እርስዎ ደግሞ በትዕግሥት «ኮቱ፣ ና ወደዚህ ቅረብ፣ ላስረዳህ» ሲሉት፣ ታላቅ አክባሪ ሆኖ ያደገ ልጅ ነውና ወደ መስመሩ ጠጋ ብሎ ያዳምጣል። በዚህ መካከል ከጀርባው ጎል ይገባል። ሁሉንም የሰማውን ልጅ «ምክር የማይሰማ» ብሎ ለማሰናበት ምን ያህል የሥራ አመራር ልምድ እንደሚጠይቅ እኔ አልገምትም።

፪. ቀጥሎ ስለ ተቀያሪው። በዕረፍት ሰዓት ከጥላው አንድ ጣት ይነሣል፤ አሰልጣኙም ጣቱን አይቶ ልጁን ይቀይራል። ተቀያሪው ሲገባ ቡድኖቹ ጎን ተለዋውጠዋልና የሚሰለፈው በእኛ በፀሐይ ተቀማጮቹ በኩል ነው። የቀኝ ተከላካያችን በሁለተኛው አጋማሽ ሰላም ያገኛል። የጥላው ድምፅ ሜዳውን አቋርጦ አይደርስበትም፤ እኛም ለውዝ ከመፈልፈል በቀር ለሰው የምንተርፍበት ምክር የለንም። ልጁ ይነጥቃል፣ ያሻግራል፣ ወጥቶም በጊዜው ይመለሳል። ቦርዱ ይህን ከሩቅ ያይና «ተገኘ» ይላል። ለተገኘው ልጅም በሚቀጥለው እሑድ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ የመሰለፍ ክብር ይሰጠዋል፤ ከቆርቆሮው ፊት ማለት ነው። በዕረፍት ጣት ይነሣል። ሰባቱም የገቡት በዚህ በር ነው፤ ሰባቱም የወጡት በዚሁ በር ነው። የሰባቱንም የስንብት ማመልከቻ የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ፣ ክለቡ ለሥራዬ ላደረገው ያልተቋረጠ ድጋፍ አመሰግናለሁ።

፫. ፊሊጶስን ክቡርነትዎ አያስታውሱትም፤ ቢያስታውሱት ኖሮ አምና የሆነው ባልሆነ። ሦስተኛው ነበር፤ «ለደረጃው የማይመጥን» ተብሎ በሁለት ወሩ ተሸኘ። አምና የበደሳን ማሊያ ለብሶ በእንግድነት መጣ፤ እንግዳ ስለሆነ የሚመክረው አጥቶ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ አንድም ኳስ አላሳልፍ አለ። እርስዎም ከመቀመጫዎ ተነሥተው «ይህ ልጅ የማን ነው? እንዲህ ያለውን ነው ማምጣት» ማለትዎን ከጥላው ሥር የነበሩ ነግረውናል። ጋሽ ዘገየ ወደ ጆሮዎ ጠጋ ብለው ምን እንዳሉዎት ግን የሰማ የለም። እኛ ከማዶ ያየነው ቀስ ብለው ሲቀመጡ ነው።

፬. «ታዲያ ግራ ተከላካዩ ዋሲሁን እንዴት አሥራ አንድ ዓመት ቆየ? እርሱስ በሁለተኛው አጋማሽ ከፊታችን አይደለም ወይ የሚጫወተው?» ብለው እንደሚሞግቱኝ አውቃለሁ። ትክክል ነዎት፤ በየእሑዱ ትመክሩታላችሁ። ዋሲሁን በልጅነቱ ታሞ ግራ ጆሮው አይሰማም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በትሕትና ራሱን እየነቀነቀላችሁ ኖሯል። ይህን ምስጢር የማወጣው ራሱ ፈቅዶልኝ ነው፤ ከእንግዲህ በቀኜ በኩል ትመጡብኛላችሁ ብሎ እንደሚሰጋም ንገሪልኝ ብሏል።

፭. አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ ስለ ከሊል። ከሊል ስምንተኛው ነው። ጠዋት ልምምዱን ጨርሶ ቀኑን ባጃጅ ይነዳል። የተሳፈረበት ሰው ሁሉ እስኪወርድ ድረስ «በቀኝህ ተጠንቀቅ» ስለሚለው፣ በሥራውም ላይ ከቦርዱ ተለይቶ አያውቅም። ባለፈው እሑድ ይህ ልጅ ሁለቱን ጆሮዎቹን በጥጥ ደፍኖ ገባ። ክቡር ሆይ፣ ሠላሳ ሁለት ደቂቃ ሙሉ በእርሱ በኩል ወፍ አላለፈችም። እርስዎ ተነሥተው ጮኹ፤ ጋሽ ዘገየ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ እርሱ ዝም ብሎ ኳሱን ተጫወተ። በሠላሳ ሦስተኛው ደቂቃ በረኛችን ማቲዎስ «የኔ ናት፣ ተዋት» እያለ ሲወጣ፣ ከሊል እርሱንም አልሰማምና ተጋጩ፤ ኳሷም ብቻዋን ገባች። በዕረፍት ጥጡ ተገኘ። በማግስቱ «ምክር ላለመስማት ሆን ብሎ ጆሮን መድፈን» በሚል የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰው፤ የፊታችን እሑድም በዕረፍት ከተቀየረ ከክለቡ እንደሚሰናበት ተጽፎበታል። እንዲህ ያለ ቃል ተጽፎበት የሚሰናበት ልጅ ከዚህ እስከ ቦርደዴ ማሊያ የሚሰጠው እንደማይኖር እኔም እርስዎም እናውቃለን።

ማስጠንቀቂያውን ይዞ ወደኔ መጣ። «እትዬ ዘርፌ፣ ሳያባርሩኝ እኔ ልልቀቅ፤ እግሬ አልተሳሳተም፣ የደከመኝ ጆሮዬ ነው» አለኝ። መልቀቂያውን ጻፍኩለት። ፈረመበት። ቀኑን ግን ክፍት እንዲተወው አድርጌያለሁ፤ ይህን ደብዳቤ እስክጽፍልዎ ድረስ ጠብቀኝ ብዬው ነው።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። የፊታችን እሑድ ከቦርደዴ ጋር የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ አለን፤ ብንሸነፍ እንወርዳለን፣ ነጥብ ብንጋራ እንተርፋለን። ለዚያ ለመጀመሪያው አጋማሽ፣ ለአርባ አምስት ደቂቃ ብቻ፣ ክቡራን የቦርድ አባላት ወደ እኛ ወገን ተሻግራችሁ ከፀሐዩ ጋር እንድትቀመጡ ነው። ጃንጥላ አዘጋጅተናል። ለውዝም አለ። አምበሉ ጎኑን ይቀይር እንዳልል፣ ያ መከራውን ከመጀመሪያው አጋማሽ ወደ ሁለተኛው ማዛወር ነው። ዝም በሉ ብዬም አልለምንም፤ የሰውን አቅም አውቃለሁ። መሻገራችሁንም ቢሆን በሙሉ ልብ አልጠብቀውም። ጥላ ያገኘ ሰው በፈቃዱ ወደ ፀሐይ ሲወጣ በዚህ ከተማ እስካሁን አላየሁም፤ ከሊልም አላየም፤ ለዚህ ነው መልቀቂያውን መልሰህ ውሰድ ስለው እጁን ያልዘረጋው።

ለስድስት ዓመት ሳይሰለቹ የጠፋውን ለሚፈልጉት፣ ፈልገው ያገኙትንም ሳይሰለቹ ለሚያጠፉት ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና ምቹ መቀመጫ እየተመኘሁ፣ ከጃንጥላዬ ሥር እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ
ዘርፈሽዋል
ማመልከቻ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለተጫዋች ፍለጋ ኮሚቴ (ካሉበት)
ለዋሲሁን ቀኝ ጆሮ (ለጥንቃቄ)

ማረሚያ፦ ይህ ደብዳቤ ተጽፎ ካለቀ በኋላ፣ ቦርዱ «የተጫዋቾችን ብቃት ከሁለቱም ወገን በቅርበት ለመከታተል» ሲል በፀሐዩ ወገንም የቆርቆሮ ጥላ እንዲሠራና አባላቱ ለሁለት ተከፍለው እንዲቀመጡ መወሰኑን ተረድቻለሁ። ዛሬ ጠዋት ምሰሶዎቹ ተተክለዋል። እንጨቱን በባጃጁ እንዲያመላልስ የታዘዘው ከሊል ሲሆን፣ የመጨረሻውን ጭነት አራግፎ በቀጥታ ወደኔ መጥቶ ቀኑን በገዛ እጁ ሞልቷል፤ መልቀቂያው ከዚህ ጋር ተያይዟል። ስለዚህ በተራ ቁጥር ፪ «የቀኝ ተከላካያችን በሁለተኛው አጋማሽ ሰላም ያገኛል» በሚል የሰፈረው ስሕተት ስለሆነ፣ እንዳልተጻፈ እንዲቆጠር በአክብሮት አሳስባለሁ።